«ስንት ቃል ትናገራለች?»

ዳውን ሲንድረም ያለው ልጅ የምታሳድጉ ከሆነ ይህን ጥያቄ ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ኬጂ ስታስመዘግቡ፣ ሐኪም ዘንድ ስትቀርቡ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ይመጣል። ጠያቂው ክፋት የለውም፤ ቁጥር ሲሰጠው ነገሩ የገባው ይመስለዋል። እኛም ወላጆች በጣታችን እንቆጥራለን፦ እማ፣ ውሃ፣ በቃ፣ እምቢ...

እኔ ግን በዚህ ቁጥር ቂም አለኝ። ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው። አምና አንድ ትምህርት ቤት «የንግግር ምዘና» ብሎ ከማታውቃቸው ሰው ፊት አስቀመጣት። ሥዕል በሥዕል ላይ አገላበጡላት፤ እሷ የምታየው ጫማቸውን ነው። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ቅጹ ላይ «አትናገርም፤ አትረዳም» ተብሎ ተጻፈ። በዚያች መስመር ምክንያት ቦታ አላገኘችም።

ያናደደኝ «አትረዳም» የሚለው ነው። ዳውን ሲንድረም ያላቸው ልጆች፣ ማለትም 21ኛው ክሮሞዞም ሁለት መሆን ሲገባው ሦስት ሆኖ የተወለዱት፣ አብዛኞቹ የሚረዱት ከሚናገሩት በብዙ ይበልጣል። በሙያው ዘንድ ይህ በደንብ የታወቀ ነገር ነው። እጄን ሳልጠቁም «ሂጂና የአያትሽን ነጠላ ከሶፋው ላይ አምጪልኝ» ብላት ይዛልኝ ትመጣለች። የማንን፣ ምንን፣ ከየት የሚሉትን ሦስት ነገሮች በአእምሮዋ ይዛ ሄዳለች ማለት ነው። መዛኙ መረዳትን ለብቻ፣ መናገርን ለብቻ፣ በእጅና በምልክት መግለጽን ለብቻ ካላየ ምዘናው ገና አልተጀመረም በሉ።

ከሁሉ በፊት ግን ጆሮ። የእነዚህ ልጆች የጆሮ ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ በቀላሉ በኩክ ይደፈናል፤ ከታምቡሩ ጀርባም ፈሳሽ ይጠራቀማል። ብዙ ጊዜ አያምም፣ ከውጭም አይታይ፤ ልጁ ግን ውሃ ውስጥ እንዳለ ሰው ነው የሚሰማው። ፈሳሹ ደግሞ ይመጣል፣ ይሄዳል። ስለዚህ በሕፃንነቱ «ጆሮው ደህና ነው» የተባለው ለዛሬ አይሠራም። ስለ ጆሮ ሳይጠይቅ ንግግር የሚመዝን ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ተነሡ።

አፍም የራሱ ጣጣ አለው። ጡንቻው የላላ ነው፤ ለምላስ ያለው ቦታም ጠባብ ነው። አንዳንዶቹ ላይ ደግሞ ከንፈርና ምላስ የሚንቀሳቀሱበት ቅደም ተከተል ይዘባረቃል፤ ጠዋት «ዳቦ» ያለች ልጅ ማታ «ባዶ» ትላለች። ሰፈር ውስጥ ይህ እልኸኝነት ይባላል። አይደለም። በነገራችን ላይ «እንጥሏን አስቆርጫት» የሚሉ ትልልቅ ሰዎች ይገጥሟችኋል። ከፍቅር ነው የሚሉት፤ ግን አታድርጉት። ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን እንጂ ንግግር አያመጣም።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልመለስ። ልጄ ጫማ ሳደርግላት «አልሄድም» ትላለች። ስንት ቃል ነው? በአማርኛ አንድ። ውስጡ ግን እምቢታ አለ፣ «እኔ» አለ፣ መሄድ አለ፣ ገና ያልመጣ ጊዜም አለ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ እኩያዋ ይህንኑ ለማለት ሦስት አራት ቃል ትደረድራለች። ለእንግሊዝኛ በተሠራ መለኪያ የአማርኛ ተናጋሪን ልጅ ቃል መቁጠር እሷን ማሳነስ ነው። ጠ፣ ቀ እና ጨም እዚያ መለኪያ ውስጥ የሉም። ማጥበቅና ማላላትም የለም፤ እኛ ግን ላልቶ የሚነበበውን «ገና» ጠብቆ ከሚነበበው የበዓሉ «ገና» የምንለየው በዚያ ነው።

«አማርኛውን ትታችሁ በእንግሊዝኛ ብቻ አናግሯት» የሚል ምክርም ደርሶኛል። ዳውን ሲንድረም ኖሯቸው ሁለት ቋንቋ እየሰሙ ባደጉ ልጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ሁለተኛው ቋንቋ እንደጎዳቸው አላሳዩም። ደግሞስ አያቷ እንግሊዝኛ አይችሉም፤ ከማን ጋር ልታወራ ነው?

በአገራችን የንግግር ሕክምና ባለሙያ በጣት የሚቆጠር ነው፤ ወረፋ ጠብቀን አንዷን አገኘን። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። እኔ በስልኬ የቀረጽኳቸውን ሁለት ሁለት ደቂቃ ቪዲዮዎች ይዤ ነበር፤ «በይ ተናገሪ» እየተባለች ሳይሆን ቡና ሲፈላና ገላዋን ስትታጠብ የተቀረጹ። አንድ ደብተርም ነበረኝ፦ ምን አለች፣ ምን ማለቷ ነበር፣ ከእኔ ሌላ ማን ገባው። ባለሙያዋ መጀመሪያ የጠየቀችው የጆሮ ምርመራ ውጤቱን ነው። ከዚያ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ የመጫወቻ ሲኒዎች ደረደረች፤ አንዱን ሆን ብላ ጣለችና ዝም አለች። ዝምታው ረዘመብኝ፤ ልጄን ወክዬ ልመልስ ምላሴን በላኝ። በልቤ ስምንት ላይ ስደርስ ልጄ «ወቀ» አለች።

ባለሙያዋ የጻፈችው «ወደቀ፤ ትክክለኛ ግስ፣ በትክክለኛ ቦታው፣ ደ ተዘሏል» ብላ ነው። ሪፖርቱ ሁለት ገጽ ሆነ። ለሚቀጥሉት ስድስት ወራት የተያዘው ሥራ ሁለት ቃል ማጋጠም ነው፦ «ሲኒ ወደቀ»፣ «ቡና አለ»። ጆሮዋ በመጋቢት እንደገና ይታያል።