የባሮ ጀልባና የአያቴ ማተብ

ከጦሳ ተራራ ሥር ተወልዶ ያደገ ሰው ስለ ጀልባ ምን ያውቃል? የእኛ ወንዝ ቦርከና ነው። ቦርከና ደግሞ በበጋ ልጆች ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለሉ የሚሻገሩት፣ በክረምት ደፍርሶ ያገኘውን እየጠረገ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ውሃ እንጂ ሰው የሚሳፈርበት ወንዝ አይደለም። ሰፊ ውሃ ያየሁት ሐይቅ ሄጄ ነው፤ ያኔም ዳር ቆሜ ታንኳ ሲያልፍ ከማየት በስተቀር አልደፈርኩም። ስለዚህ በነሐሴ 1992 ዓ.ም. ጋምቤላ ላይ አንድ የብረት ጀልባ ውስጥ እግሬን ሳስገባና ወለሉ ከሥሬ ሲዋልል፣ ባለ ጀልባው እጄን ባይዘኝ ኖሮ ወደ መጣሁበት እመለስ ነበር።

በዚያን ጊዜ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ክሊኒክ ነርስ ነበርኩ። ስሟን መጥቀስ የማያስፈልገኝ አንዲት የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን በባሮ ዳር ላሉ መንደሮች ለሁለት ሳምንት ነፃ ሕክምና የሚሰጥ ቡድን አዘጋጅታ ሳለ፣ ከነርሶቹ አንዷ በመጨረሻው ሰዓት ታመመችባቸው። አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ስሜን ሰጠች። የቡድኑ መሪ፣ ጠጉራቸው የሸበተ ሐኪም፣ በስልክ ሲያነጋግሩኝ ኦርቶዶክስ መሆኔን አስቀድሜ ነገርኳቸው።

«ቁስል ማጠብ ትችያለሽ?» አሉኝ።

«እችላለሁ።»

«እንግዲያው ነይ» አሉኝ። ሌላ አልጠየቁኝም።

ባሮ ከደጋው እየተንደረደረ መጥቶ ጋምቤላ ሲደርስ ቁጣውን ይተዋል። ሜዳው ላይ ተንጣሎ በዝግታ ይሄዳል። አኙዋኮች ኦፔኖ ይሉታል። ክረምት ሲገባ ሜዳው ረግረግ ስለሚሆን መኪና አያልፍም፤ ያኔ መንገዱ ወንዙ ነው። መድኃኒቱን በካርቶን፣ ክትባቱን በበረዶ ሣጥን ጭነን፣ ዘጠኝ ሆነን ወደ ኢታንግ አቅጣጫ ቁልቁል ወረድን። ጓደኞቼ መዝሙር ይዘምራሉ። እኔ መዝሙሩን ስለማላውቀው የጀልባውን ጠርዝ ጨብጬ ውሃውን አያለሁ።

ሐኪሙ ፍርሃቴን አይተው ነው መሰለኝ አጠገቤ ተቀምጠው ወግ ጀመሩ። አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዞች ጋር በተዋዋሉት መሠረት ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተፈቅዶ፣ ወንዙ በሚሞላባቸው የክረምት ወራት ከካርቱም የእንፋሎት መርከቦች እስከ ጋምቤላ ይመጡ እንደነበር ነገሩኝ። ጨውና ጨርቅ አራግፈው ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ሱዳን ነፃ በወጣችበት በ1956 ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ።

«ግን ይህ ውሃ ያመጣው ጨው ብቻ አይደለም» አሉኝ። ቶማስ ላምቢ የተባለ አሜሪካዊ ሚሲዮናዊ ሐኪም በሱዳን በሶባት ወንዝ ዳር ይሠራ ነበር። የኅዳር በሽታ አገሩን ከመታ ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ የሰዮ ገዥ ጋብዘውት፣ በ1919 ይህንኑ ወንዝ ይዞ ጋምቤላ ደረሰ፤ ከዚያ ሽቅብ ወደ ሰዮ፣ ወደ ዛሬው ደምቢ ዶሎ፣ ወጣ። ኋላም አዲስ አበባ ዘልቆ ጉለሌ ላይ ሆስፒታል ሠራ። በ1927 ደግሞ የሱዳን ኢንቲርየር ሚሽንን ሥራ በአገራችን አስጀመረ። የኢትዮጵያ ዜግነት ወስዶ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ የቀይ መስቀል ማኅበራችን ጸሐፊ ሆኖ አገልግሏል።

«የእናንተን አገርም ይነካል» አሉኝ ሐኪሙ። «ቦሩ ሜዳን ታውቂ የለም? የሥጋ ደዌ ሆስፒታሉን ያቋቋመው ይኸው ሚሲዮን ነው።»

ቦሩ ሜዳን እንዴት አላውቀውም! ከዚያ በኋላ እሳቸው ያወሩትን አልሰማሁም። ሐሳቤ ከጀልባው ወርዶ አያቴ ዘንድ ሄደ።

አያቴ ዓይኗን ታማ ነበር። የዓይን ማዝ፣ ትራኮማ የምንለው፣ ደጋግሞ ሲይዝ የቆቡን ውስጥ ያጠባስሰዋል፣ ያኮማትረዋል፤ በመጨረሻም ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይቀለበስና ሰው ዓይኑን ባርገበገበ ቁጥር ብሌኑን ይፍቀዋል። የአማራ ክልል በዚህ በሽታ በዓለም ላይ እጅግ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነው። የአያቴ መድኃኒት ወረንጦ ነበር። ከማተቧ ጋር አንድ ላይ አስራ ከአንገቷ ታንጠለጥለዋለች፤ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ እኔን ትጠራኛለች። «ነይ እስቲ ልጄ፣ ያንቺ ዓይን ያያል» ትለኛለች። እኔም ፀጉሩን አንድ በአንድ እነቅልላታለሁ። በሳምንቱ ተመልሶ ይበቅላል፤ ሲበቅል ደግሞ ከበፊቱ ይልቅ እንደ መርፌ ይወጋል። ግራ ዓይኗ እንዲህ እያለ ጠፋ።

ቦሩ ሜዳ ትታከም ዘንድ ያልለመናት ዘመድ አልነበረም። አሻፈረኝ አለች። ለእምቢታዋ ሁለት ምክንያት ነበራት።

አንደኛው ከልጅነቷ የመጣ ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ጃንሆይ ደሴ ሳሉ የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ እሷ ትንሽ ልጅ ነበረች። ቦምቡ የአሜሪካ አድቬንቲስቶችን ሆስፒታልና የቀይ መስቀልን ድንኳኖች ሳይቀር መታ። ጃንሆይ ራሳቸው መትረየስ ይዘው መተኮሳቸውን ሌላው ሰው እንደ ጀግንነት ሲያወራ፣ ለአያቴ የቀረላት የሚቃጠል ነገር ሽታ ነበር። ሆስፒታል ስትባል የሚታወሳት እሱ ነው።

ሁለተኛው የቦታው ስም ነው። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ጉባኤ የጠሩት እዚያ ሜዳ ላይ ነው። የካህናቱ ክርክር ተቆረጠ፤ የወሎ እስላምም እንዲጠመቅ ታዘዘ። መሐመድ አሊ ሚካኤል የተባሉት፣ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የሆኑት፣ በዚያ ዘመን ነው። ከወሎ ቤተሰብ ውስጥ ያ ትእዛዝ አንድ ሰው ያላስለቀሰበት ቤት ብዙ አይመስለኝም። እንግዲህ በዚያው ሜዳ ላይ የውጭ አገር ሰዎች ሆስፒታል ሠሩ ሲባል፣ አያቴ ነገሩን በራሷ መንገድ ተረጎመችው። «ቦሩ ሜዳ የሄደ ሃይማኖቱን ይዞ አይመለስም። ማተቤን በጥሰው ነው የሚያክሙኝ» ትል ነበር። ሆስፒታሉ ኋላ የመንግሥት ቢሆንም እሷ ዘንድ ምንም አልተለወጠም።

ያሸነፈቻት ኮምቦልቻ የነበረች እስላም ጎረቤታችን ናት፤ ሐጃ እንላታለን። አንድ ቀን ቡና ላይ፣ «አንቺ ሴት፣ አንዱም ሊጠፋ ነው እኮ! እኔ ሄጄ ታክሜ የለ? ሶላቴን ያስተወኝ አለ? አብሽሪ፣ አብሬሽ እሄዳለሁ» አለቻት። በማግስቱ ሦስታችን በአውቶቡስ ሐረጎን ወጥተን ደሴ ገባን፤ ከዚያ ወደ ቦሩ ሜዳ አቀናን።

ግቢው ውስጥ ጣታቸው ያለቀ፣ እግራቸው በፋሻ የተጠቀለለ ሰዎች ፀሐይ ይሞቃሉ። ሰው በመንገድ ሲያያቸው ፊቱን የሚያዞርባቸው ናቸው። አንዲት ነርስ ጉልበቷ ላይ የአንዱን ሽማግሌ እግር አስቀምጣ ስታጥብ አያቴ በቀረቻት ዓይን ቆማ አየቻት። ብዙ ቆየች።

ተራዋ ሲደርስ ያችው ነርስ መጣች። አያቴ አንገቷን በሁለት እጇ ያዘች። ነርሷ ገባት መሰለኝ ፈገግ አለች። ክሩን ቀስ ብላ ፈታች፤ ወረንጦውን አወጣችና ለእኔ ሰጠችኝ። ማተቡን ግን መልሳ አሰረችላት። «ይሄኛው አያስፈልግሽም እማማ፣ ያኛው ይቀመጥ» አለቻት። ቆቡን አደንዝዘው፣ ቀደው፣ ሽፋሽፍቱን ወደ ውጭ መልሰው ሰፉት። ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። አያቴ በቀኝ ዓይኗ እስክትሞት ድረስ አየች። እኔም ነርስ ለመሆን የወሰንኩት ያን ቀን ነው።

የጀልባው ሞተር ሲጠፋ ነቃሁ። ደርሰናል።

ከዛፍ ሥር ሰው ተሰብስቦ ይጠብቀናል። ጠረጴዛ ሳንዘረጋ አንዲት እናት ሕፃን ታቅፋ እየሮጠች መጣች። ልጁ በትኩሳት ይነዳል፤ ሰውነቱ ይንፈራገጣል። ወባ መሆኑ ሩቅ ምርመራ አይፈልግም። አንገቱ ላይ የዶቃ ክር ታስሮለታል። ከእኛ አንዱ፣ ቅን ልብ ያለው ወጣት፣ ዶቃውን አይቶ ወደ አስተርጓሚው ዞረ። «መጀመሪያ ይህን ትጣልና ከዚያ እንጸልይለት በላት» አለው።

ሲተረጎምላት የእናቲቱ እጅ ዶቃው ላይ ተጨበጠ። ልክ እንደዚያ፤ ልክ እንደ አያቴ።

«ወንድሜ፣ ወባው ያለው ደሙ ውስጥ ነው፤ ዶቃው ውስጥ አይደለም» አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። እንግዳ ሆኜ በሰው ቡድን መካከል እንዲህ መናገሬ አሳፈረኝ። ከኋላዬ ግን ሽማግሌው ሐኪም፣ «እውነቷን ነው፤ ውሃ አምጡ፣ መርፌውን አዘጋጁ» አሉ። ኩዊኒን ሰጠነው። በእርጥብ ጨርቅ አበረድነው። ሌሊቱን ሙሉ ጨርቁን እየነከረ ሲለውጥለት ያደረው ማን ይመስላችኋል? ያው ወጣት ነው። ሲጸልይም ሰማሁት፤ በለሆሳስ፣ ዶቃውን ሳይነካ። ሲነጋ ልጁ ጡት ጠየቀ።

ሚሲዮኖችን ሰው ሁሉ በሁለት ከፍሎ ያወራቸዋል። ለአንዱ መላእክት ናቸው፤ ለሌላው በኪኒን ሃይማኖት የሚገዙ ነጋዴዎች። እኔ በጀልባው ላይ ያየሁት ከሁለቱም የተለየ ነው። ያው አንድ ሰው ማታ ዶቃውን ጣሉ ይላል፤ ሌሊቱን ደግሞ ለልጁ ሲል እንቅልፉን ያጣል። ነገሩን የሚለየው ከየት መጣህ፣ የማን ቤተ ክርስቲያን ላከህ የሚለው አይመስለኝም። በሽተኛው ፊትህ በተኛ ጊዜ እጅህ አንገቱ ላይ ምን ትቶ ምን እንደሚያነሳ ነው።

አያቴ ካረፈች ቆየች። ማተቧ አብሯት ተቀብሯል። ወረንጦው እኔ ዘንድ ነው።