ዓይኑ በመድን፣ መነጽሩ በኪስ

ተፍኪ ገበያ ውስጥ አንድ ልብስ ሰፊ አለ እንበል። ዕድሜው አርባ አምስትን አልፏል። ሲንጀሩን እንደ ድሮው ይረግጣል፤ ክር ለመሰካት ግን የጎረቤት ልጅ መጥራት ጀምሯል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮውን በየዓመቱ ይከፍላል። ዓይኑን ቢያመው ደብተሩን ይዞ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይታከማል። «አንተን የሚያስፈልግህ መነጽር ነው» ከተባለ ግን ደብተሩ ሥራውን ጨረሰ፤ መነጽር መድኑ ከሚሸፍነው ውጭ ነው። ጥርስም ያው ነው። የታመመውን ማስነቀል ይቻላል፤ በቦታው ሰው ሠራሽ ማስተከል የራስ ወጪ ነው።

መድኑ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ገንዘቡ ትንሽ ነበርና አንድ ቦታ ላይ መስመር ማስመር ግድ ነበር። የከፋው መስመሩ የተሰመረበት ቦታ ነው። ለመደበኛ ተቀጣሪዎች የወጣው ደንብ ቁጥር 271/2005 እንኳ መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስን ከውበት ቀዶ ሕክምና ጋር ነው የደረደራቸው። ለልብስ ሰፊ መነጽር ጌጥ ነው? ያለ መንጋጋ ቆሎ መቆርጠም ያቃተው አዛውንትስ ጥርስ የሚፈልገው ለፎቶ ነው?

ማን ይገባዋል የሚለውም ከቤት ቤት ይለያያል። የሰፊው ልጅ 18 ዓመት ሲሞላው በቤተሰቡ መዋጮ መታከሙ ይቀራል፤ ተጨማሪ ይከፈልለታል። ሰበታ ፋብሪካ ከተቀጠረ ደግሞ ጭራሽ ወደ ሌላ መዝገብ ይዛወራል፦ በአዋጅ ቁጥር 690/2002 ወደተደነገገው፣ ሠራተኛው 3፣ አሠሪው 3 በመቶ እያዋጡ እንዲታከም ወደታሰበበት የማኅበራዊ ጤና መድን። ያ መድን ከአሥር ዓመት በላይ «ዘንድሮ ይጀመራል» ሲባል የኖረ ነው። ደመወዝ በማግኘቱ ደብተር ያጣል ማለት ነው።

በዚህ ጉዳይ የተቸገርነው እኛ ብቻ አይደለንም። እንግሊዝ በ1948 (እ.ኤ.አ.) ነጻ ሕክምና ስትጀምር ሕዝቡ ለመነጽርና ለሰው ሠራሽ ጥርስ ጎርፎ በጀቱን አናጋው። በ1951 መንግሥት በሁለቱ ላይ ክፍያ ሲጥል ሥርዓቱን የመሠረተው አኒዩሪን ቤቫን ሥልጣኑን ለቀቀ። ያን ያህል ሕዝብ የወጣው ሲቸገር ስለኖረ ነው፤ ቅንጦት አምሮት አይደለም።

«ጤና ጣቢያው መድኃኒት አጥቶ አባሉን ከውጭ ግዛ እያለ ስለ መነጽር ታወራላችሁ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ከአርባ ዓመት በኋላ ለሚደክመው የቅርብ ዕይታ የሚታዘዘው መነጽር ርካሽ ነው፤ አንዴ ከተገዛ ዓመታት ያገለግላል፤ የሠለጠነ ነርስ በፊደል ሰሌዳ መርምሮ ሊሰጠው ይችላል። ደግሞ ገንዘቡን ይመልሳል። በሕንድ አሳም ተካሂዶ በ2018 (እ.ኤ.አ.) በታተመ ጥናት፣ መነጽር የተሰጣቸው ዕድሜያቸው ከ40 በላይ የሆኑ ሻይ ለቃሚዎች ምርታማነት ካልተሰጣቸው ይልቅ 22 በመቶ ገደማ ጨምሯል። ሻይ መልቀም ከልብስ ስፌት የረቀቀ ዓይን አይፈልግም።

ሁሉንም በአንዴ ይሸፈን ማለት የእንግሊዝን ስህተት መድገም ነው። ጥርሱ ውድ ነው፤ ይቆይ። የማንበቢያ መነጽር ግን መዋጮአቸውን መንግሥት ከሚከፍልላቸው ድሆች ሊጀመር ይችላል። የእነሱ ዝርዝር በየቀበሌው ተጣርቶ ተቀምጧል፤ አዲስ መዝገብ መክፈት እንኳ አያስፈልግም።