ጫጉላ በዐቅም፤ ከእንጦጦ ተራራ እስከ ደምበል ደሴት

ከሠርግ በኋላ የሚመጡት ጥቂት ቀኖች በሀገራችን ከጥንት ጀምሮ የተለየ ስፍራና የተለየ ስም አላቸው፤ ስማቸውም ጫጉላ ይባላል። በገጠር ለሙሽሮች ብቻ ተብሎ በእንጨትና በቅጠል አንዲት ትንሽ ቤት ትሠራላቸው ነበር። ሚዜዎች በደጅ ሆነው ያገለግላሉ፤ ምግቡና መጠጡ ከዘመድ ቤት ይመጣል፤ ሙሽሮቹም ከሥራ አርፈው ጠባይ ለጠባይ ይተዋወቃሉ። በዚያ ሥርዓት ጫጉላ ማለት ወደ ሩቅ አገር መሄድ ሳይሆን ሁለት ሰዎች ከሠርጉ ጫጫታ ተለይተው የሚያርፉበት ቦታ ማለት ነበረ።

በዛሬው ዘመን ግን፣ ይልቁንም በከተማ፣ ጫጉላ ጉዞ ሆኗል። ሙሽሮች ስለ ጉዞው ማሰብ ሲጀምሩ አስቀድሞ በዐይናቸው የሚመጣው በስልካቸው ላይ ያዩት የደሴት ሥዕል ነው፤ ነጭ አሸዋ፣ ሰማያዊ ባሕር፣ የዘንባባ ጥላ። ዛንዚባር፣ ሲሼልስ፣ ማልዲቭስ የሚባሉት ስሞችም በሠርግ ዝግጅት መካከል ይጠራሉ። መመኘት ነውር አይደለም። ነገር ግን ምኞቱ ከገንዘቡ የበለጠ እንደ ሆነ አንዳንዶች ይበደራሉ፤ አንዳንዶችም ለቤት ዕቃ መግዣ የታሰበውን የዕቁብ ገንዘብ ለጉዞ ያውላሉ። ከሁሉም የሚከፋው ግን፣ አንዱ ወገን ሌላውን ላለማሳዘን ሲል ዕዳውን ሸሽጎ መሄዱ ነው። እንዲህ ያለው ዕዳ ዘግይቶ ሲገለጥ የሚጎዳው ኪስ ብቻ አይደለም፤ መተማመንም አብሮ ይጎዳል።

ስለዚህ የጫጉላ ጉዞ የባልና የሚስት የመጀመሪያው የጋራ በጀት መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። በሠርጉ ወጪ ላይ ወላጆችም ሽማግሌዎችም ድምፅ አላቸው። በጫጉላው ወጪ ላይ ግን የሚመክሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። በዚህ ምክር ላይ ያለውን ገንዘብ በግልጥ ተነጋግረው የወሰኑ እንደ ሆነ፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ልጅ ማሳደጊያ በሚመክሩበትም ጊዜ የሚከተሉት ልማድ ያገኛሉ።

ወደ ውጭ አገር ደሴት መሄድ ለብዙ ሙሽሮች የከበደበት ምክንያት ግልጥ ነው። የአውሮፕላኑ ዋጋ ብቻ ሳይሆን የሆቴሉ፣ የምግቡና የጀልባው ሒሳብ ሁሉ የሚቈጠረው በውጭ ምንዛሪ ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት፣ እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ፣ አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር ያህል ነበረ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። እንግዲህ ደመወዙን በብር የሚቀበል ሰው፣ የደሴቱ ሆቴል አንድ ሳንቲም ሳይጨምር እንኳ፣ ወጪው በእጥፍ ሊቀርብ ምንም አልቀረውም ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ሐሩር ምድርንና ደሴትን ለማየት ከሀገር መውጣት ግድ አይደለም። ሐሩር የሚባለው የምድር ቀበቶ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜንም ወደ ደቡብም እስከ 23 ዲግሪ ተኩል ያህል የሚደርሰው ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ በሰሜን በኩል ከ3 እስከ 15 ዲግሪ መካከል የምትገኝ ስለ ሆነች መላዋ በዚሁ ቀበቶ ውስጥ ናት። ብርዱና ቅዝቃዜው ከከፍታው የሚመጣ ነው። ስለዚህ በአንድ ጉዞ ደጋውንም ቆላ ቀመሱንም፣ ተራራውንም ደሴቱንም ለማየት ይቻላል። ለአዲስ አበባና ለአካባቢዋ ሙሽሮች የሚስማማው ጉዞም ከእንጦጦ የሚጀምረው ነው።

እንጦጦ በአዲስ አበባ ራስጌ ተዘርግቶ በምሥራቅ በኩል ከየካ ተራራ ጋር የሚያያዝ፣ ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ የሚደርስ ሰንሰለት ነው። የእንጦጦ ፓርክ መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ተመርቆ የተከፈተ ሲሆን ስፋቱ 1,300 ሄክታር ያህል ነው። በውስጡ የእግር መንገድ፣ የብስክሌትና የፈረስ መጋለቢያ፣ ምግብና ቡና ቤቶች፣ እንዲሁም ሌሊት ለማደር የሚፈልጉ የሚያርፉባቸው ስፍራዎች ተሠርተዋል። በአጼ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ ተራራውን ሸፍኖት ይታያል፤ በመካከሉም ጽድና ሌሎች የአገር በቀል ዛፎች አሉ። በጧት ጉሙ ከዛፎቹ ሥር ሲነሣ፣ በማታም ከተማዪቱ ከታች መብራቷን ስታበራ ማየት ትልቅ ደስታ ነው፤ ለዚህም የሚከፈል የተለየ ዋጋ የለም።

ተራራው ለባልና ሚስት የሚነግረው ታሪክም አለው። በ1875 ዓ.ም. በአንኮበር በቁርባን የተጋቡት ምኒልክና ጣይቱ ከጥቂት ዓመት በኋላ በዚህ ተራራ ላይ ተቀመጡ። እንጦጦ ለጠላት የማይመች ከፍ ያለ አምባ ቢሆንም ብርዱ ጽኑ ነበረ፤ የማገዶ እንጨትም እያነሰ ሄደ። ጣይቱ ከታች ያለውን የፍል ውሃ ሜዳ ወደዱ፤ በ1879 ዓ.ም. በዚያ ቤት ተሠራ፤ ቦታውንም አዲስ አበባ ብለው የሰየሙ እርሳቸው ናቸው። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት ግን በዚያው በተራራው ላይ፣ በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ነው። በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለው ሙዚየምና የምኒልክ አሮጌ ግቢ ዛሬም ይጎበኛሉ። የእልፍኙን ማነስ የሚያይ ሙሽራ፣ ትልቅ ኑሮ በትንሽ ቤት ሊጀመር እንደሚችል ማንም ሳይነግረው ይረዳል።

ጉልበት ያላቸው ሙሽሮች ሌላውን ቀን ለየካ ይስጡት። በየካ ተራራ ላይ ከአለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል ይገኛል። የመንገዱን ሁኔታ የአካባቢውን ሰው ጠይቆ፣ ጫካውንም ብቻ ለብቻ ሳይሆን ከመሪ ጋር መሄድ ይበጃል። በጀርባው ላይ ሲቆሙ የሚታይ ሌላም ነገር አለ፤ እንጦጦ የውሃ መክፈያ ነው። በደቡቡ ገጽ የወረደው ዝናብ በቀበናና በሌሎቹ ወንዞች ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ገብቶ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር ይቀራል። በሱሉልታ በኩል የወረደው ግን በሙገር ወደ ዓባይ ገብቶ ወደ ግብጽ ይጓዛል።

ወደ እንጦጦ ለመውጣት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ፣ ከሽሮ ሜዳም ወደ ተራራው በታክሲ መሄድ ይቻላል። ሽሮ ሜዳ የሸማ ገበያ ስለ ሆነ ለብርዱ የሚሆን ጋቢ እዚያው ቢገዛ ለጉዞም ለቤትም ያገለግላል። ቅዳሜና እሑድ ሰው ስለሚበዛ ለሙሽሮች የሚሻለው ከሰኞ እስከ ኀሙስ ያለው ጊዜ ነው። ከቆላ ወይም ከውጭ አገር የመጡ ሰዎች በመጀመሪያው ቀን ትንፋሽ ሊያጥራቸው ስለሚችል ቀስ ብለው ይራመዱ።

ከእንጦጦ ሁለት ሌሊት በኋላ ወደ ደሴቱ መውረድ ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ በሞጆና በመቂ በኩል 160 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ የባቱ ከተማና የደምበል ሐይቅ ይገኛሉ፤ ብዙ ሰው ሁለቱንም በቀድሞው ስማቸው ዝዋይ ይላቸዋል። ሐይቁ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከባሕር ጠለል በላይ 1,640 ሜትር ገደማ ላይ ያለ በመሆኑ አየሩ ሞቃት ነው። በውስጡ አምስት ደሴቶች አሉ፤ እነርሱም ቱሉ ጉዶ፣ ጸደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ደብረ ሲናና ገሊላ ናቸው። በዚያ የራሱ ቋንቋ ያለው የዛይ ሕዝብ ይኖራል። በቱሉ ጉዶ ላይ ያለው የደብረ ጽዮን ገዳም የብራና መጻሕፍት ያሉት ሲሆን፣ በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ተሰዳ በዚህ ደሴት እንደ ቆየች በአፈ ታሪክ ይነገራል።

እንግዲህ ይህ በሐሩር ቀበቶ ውስጥ ያለ፣ በጀልባ የሚደረስበት፣ እውነተኛ ደሴት ነው። ነጭ አሸዋና የባሕር ሞገድ የሉትም። ነገር ግን በወደቡ ዳር አባ ኮዳ የዓሣ ፍርፋሪ ሲጠብቅ፣ ጉማሬም ከውሃው ራሱን ብቅ ሲያደርግ ማየት፣ ትኩስ ቆሮሶ ጠብሶ መብላት፣ ከዚያም ከደሴቱ ራስ ላይ ሆኖ ሐይቁን በዙሪያ መመልከት ለሁለት ቀን የሚበቃ ደስታ ነው። ሌሊቱን በባቱ ከተማ ባሉት ሆቴሎች አድሮ ቀኑን በደሴት መዋል ወጪን ይቀንሳል። የጀልባውን ዋጋ ከመሳፈር በፊት፣ የመመለሻውን ጭምር፣ መነጋገር ይገባል፤ የመንሳፈፊያ ልብስ የሌለው ጀልባም ቢረክስ አይሳፈሩበት። ቦታው ወባ ያለበት ስለ ሆነ አጎበር ያስፈልጋል። በሐይቁም ውስጥ ቢልሃርዝያ የሚባለው በሽታ ስላለ መዋኘት አይገባም። መዋኘት የፈለጉ ሙሽሮች ጥቂት ወደ ደቡብ ወርደው ወደ ላንጋኖ ሐይቅ ቢሄዱ ይሻላቸዋል።

ገንዘባቸው ትንሽ የሚበልጥ ሰዎች ጣናን ያስቡ ይሆናል። የጣና ደሴቶች በክብራቸውም በሥዕላቸውም የታወቁ ናቸው። ነገር ግን ሙሽሮች አስቀድመው ማወቅ የሚገባቸው ነገር አለ፤ ወደ ዳጋ እስጢፋኖስና ወደ ክብራን ገብርኤል ገዳማት ሴቶች አይገቡም። ሁለቱ አብረው የሚገቡባቸው በዘጌ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረትና በደቅ ደሴት አጠገብ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ ናቸው። ይህ ሳይታወቅ ቢቀር ባል ሲገባ ሚስት በጀልባ ላይ ትቀራለች፤ ለጫጉላም ይህ አይስማማም። ደግሞም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል ግጭት ስለ ተነሣ፣ ወደ ባሕር ዳር ከመነሣት በፊት የጊዜውን ጸጥታ መጠየቅ ያስፈልጋል። ወደ ሌላውም አቅጣጫ የሚሄድ ሰው መንገዱን ጠይቆ ቢነሣ መልካም ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንመለስ። ዋጋ በየወሩ ስለሚለዋወጥ ለምሳሌ ያህል ብቻ ሁለት ሙሽሮች ለጫጉላቸው 40,000 ብር አላቸው እንበል። ይህን ገንዘብ ከሠርጉ ገንዘብ ለይተው ያስቀምጡት። ከዚያ 16,000 ብር ለአራት ሌሊት ማደሪያ፣ 10,000 ብር ለምግብ፣ 8,000 ብር ለመኪናና ለጀልባ ይመድቡ። የቀረው 6,000 ብር የማይነካ መጠባበቂያ ይሁን፤ መኪና ቢበላሽ ወይም ሰው ቢታመም የሚወጣ ነው። አሁን ማደሪያውን በስልክ ጠይቀው ለአንድ ሌሊት ከ4,000 ብር የሚበልጥ ሆኖ ቢያገኙት ሌሊቱን ይቀንሱ እንጂ ብድር አይጨምሩ። ሦስት ሌሊት ያለ ዕዳ ማሳለፍ ሰባት ሌሊት በዕዳ ከማሳለፍ ይሻላል።

የጊዜው ምርጫም ገንዘብ ያድናል። ሠርግ በሚበዛበት በጥር ሰማዩ ጥሩ፣ መንገዱም ደረቅ ነው፤ የእንጦጦ ሌሊት ግን ይበርዳል። በሐምሌና በነሐሴ ተራራው በዝናብና በጉም ስለሚሸፈን አይመችም። መስከረም ሲጠባ ግን አደይ አበባ ሜዳውን ስለሚያለብሰው፣ ለጉዞ የሚቆዩ ሙሽሮች ይህን ወር ቢመርጡ ደስ ይላቸዋል። ከሠርግ ማግስት ካልሄድን ጫጉላ አይባልም የሚል ሕግ የለም።

በመጨረሻ ለወላጆችና ለሚዜዎች አንድ ቃል አለን። በቀድሞው ልማድ የጫጉላውን ቤት የሚሠሩት፣ ምግቡንም የሚያመጡት እነርሱ ነበሩ። ዛሬም ለሙሽሮች ከሚሰጠው ብርጭቆና ብርድ ልብስ ይልቅ የአንድ ሌሊት ማደሪያ ወይም የመኪና ኪራይ ቢከፍሉላቸው ያንኑ የቆየ መልካም ልማድ መጠበቅ ነው። ሙሽሮችም ከጉዞ በተመለሱ ማግሥት ተቀምጠው ያወጡትን ሁሉ በአንድ ደብተር ይጻፉ፤ ከመጠባበቂያው የተረፈም እንደ ሆነ በሁለቱ ስም በባንክ ያኑሩት። ዛንዚባርም ሆነ ሲሼልስ ቢያምራቸው፣ በዚያ ደብተር ጀምረው ከዓመት ዓመት አጠራቅመው፣ ከልጆቻቸው ጋር ሊያዩት ይችላሉ።