ግጥም በጣት ሲቆጠር

እውነቱን ለመናገር ግጥም ቤት የሚመታ ነገር መሆኑን እንጂ የሚቆጠር ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። ከሃይስኩል ጀምሬ እጽፋለሁ። አንዱ ስንኝ በ«ርድ» አልቆ የሚቀጥለውም በ«ርድ» ካለቀልኝ በቃ፣ ገጣሚ ነኝ! አንደኛ ዓመት ሳለሁ አንድ የግጥም ምሽት ላይ ወጥቼ አነበብኩ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ትንፋሽ አጠረኝ። ፈርቼ መስሎኝ ነበር። ሰዉም አጨበጨበ፤ ጭብጨባው ግን ለታመመ ሰው «እግዜር ይማርህ» እንደሚባለው ዓይነት ነበር።

ምክንያቱን የነገሩኝ የሰፈራችን አንድ አባት ናቸው። በልጅነታቸው ጎጃም ወርደው ዋሸራ ቅኔ የተማሩ ናቸው፤ ቁስቋም ውስጥ ትልቁም ትንሹም «የኔታ» ይላቸዋል። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸውና ግጥሜን አነበብኩላቸው።

«ከቁስቋም ማርያም ደጅ ወጥቼ ወደ ስድስት ኪሎ ስወርድ» ብዬ ስጀምር ጣታቸውን እያጠፉ እየዘረጉ ይቆጥራሉ።

«አሥራ ሰባት» አሉ። «ሁለተኛውን በል።»

«ደብተሬን አቀፍኩት ልሸሸግ ከዚህ ብርድ።»

«አሥራ ሁለት። አንዱ እግርህ ረጅም፣ አንዱ አጭር። ታዲያ እንዴት አትደክም?»

እኔ ደግሞ ተከራከርኩ። ወረቀቱ ላይ ቆጥሬ «ሃያ ነው እኮ የኔታ!» አልኳቸው። ሳቁብኝ። ለካስ ፊደል ነው የቆጠርኩት። ግጥም የሚቆጠረው በዓይን ሳይሆን በአፍ ነው። «ብርድ» ሦስት ፊደል ነው፤ ሲነገር ግን አንድ ቀለም ነው። «ደብተር» አራት ፊደል፣ ሁለት ቀለም። ተንኮለኛው ሳድሱ ነው። አንዳንዴ ከፊቱ ባለው ፊደል ላይ ተለጥፎ ይጠፋል፣ አንዳንዴ ደግሞ እንደ «ወጥቼ» ጥ ራሱን ችሎ ይቆማል። ይህን ለመለየት አንድ ሳምንት ታክሲ ውስጥ ለብቻዬ ሳወራ ከረምኩ (ረዳቱ ሁለቴ «ወራጅ አለ?» ብሎኛል)።

«ማርያም»ን፣ «ደጅ»ንና «ወደ»ን አወጣሁ። የኔታ «አይዞህ፣ አትቀየምህም» አሉኝ። የቀረው ይህ ነው፦

ከቁስቋም ወጥቼ ስድስት ኪሎ ስወርድ፣
ደብተሬን አቀፍኩት ልሸሸግ ከዚህ ብርድ።

ስድስት በስድስት። የወል ቤት ይባላል። ከዚያ በኋላ ላይብረሪ ገብቼ የብርሃኑ ገበየሁን «የአማርኛ ሥነ ግጥም» (1999 ዓ.ም) ሳገላብጥ ነገሩ ሁሉ ስም እንዳለው አየሁ። አራት በአራቱ የቡሄ በሉ ቤት ነው፤ ሆያ ሆዬ እያልን ዱላ ስንመታ ሳናውቀው ስንቆጥር ኖረናል ማለት ነው። አምስት በአምስቱ ሰንጎ መገን፣ ስምንት በስምንቱ ደግሞ በጸጋዬ ገብረ መድኅን ስም የፀጋዬ ቤት ተብሏል። መንግሥቱ ለማም እ.ኤ.አ. በ1963 በዚሁ በምጣኔ ጉዳይ ላይ ጥናት አሳትሞ ነበር። የቅኔ ሊቁ የአለቃ ለማ ኃይሉ ልጅ ነውና ጆሮው የተሳለው ገና ቤቱ ሳለ ይመስለኛል።

ችግሩ የመጣው ካወቅሁ በኋላ ነው።

የጎረቤታችን ልጅ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። እንደምጽፍ ሰምታ ደብተሯን ይዛ መጣች። እኔም ቀይ እስክሪብቶ አወጣሁ። አሥራ ሦስት፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ አራት! እያንዳንዱ ስንኝ ጫፍ ላይ ቁጥር ጻፍኩና «ምጣኔው ተሰብሯል» ብዬ መለስኩላት። አመስግናኝ ሄደች። ከዚያ ወዲያ አልመጣችም። መንገድ ላይ ስንገናኝም ሰላም ብላኝ ቶሎ ታልፋለች።

ለየኔታ እንደ ቀልድ ነገርኳቸው።

«ስለ ምን ነበር የጻፈችው?» አሉኝ።

ዝም አልኩ። ቁጥሮቹን አስታውሳለሁ። አሥራ ሦስት፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ አራት። ግጥሙ ስለ ምን እንደሆነ ግን ጠፋብኝ። ጋዜጠኛ ለመሆን የምማር ሰው ነኝ እንግዲህ!

የኔታ አልተቆጡኝም። ዋሸራ እያሉ ስለነበረው ነገር አወሩኝ እንጂ። ጀማሪ የሚጀምረው በጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ስንኝ ብቻ ናት። መወድስ ስምንት ቤት ነው፤ እዚያ ለመድረስ ጊዜ አለ። ለዚያች ሁለት ስንኝ ቀኑን ሙሉ ጫካ ውስጥ ሲያወጡ ሲያወርዱ ውለው ማታ ለመምህሩ ይነግራሉ። «መጀመሪያ የሚጠይቁን ምሥጢሩን ነው» አሉ። «ምን ልትል ነው ያሰብከው? ይሉሃል። ቤቱ ቢፈርስ እሳቸው ያቃኑታል።»

በኋላ ሳነብ ሌላም አገር እንዲሁ መሆኑን አየሁ። የኡርዱ ገጣሚዎች የግጥም ምጣኔያቸውን «ባህር» ይሉታል፣ ያው የእኛው ባሕር። ቀለሙን በቁጥር ብቻ ሳይሆን ረጅምና አጭር ብለው ለይተው ይመዝኑታል። ከባዱ ይሄ ነው። ተማሪ ግጥሙን ለመምህሩ ይሰጣል፣ መምህሩ ያርማል፤ ይህም «ኢስላህ» ይባላል። የመጨረሻው የሞጎል ንጉሥ ባሃዱር ሻህ ዛፋር እንኳ ግጥሙን ለዛውክ፣ እሱ እ.ኤ.አ. በ1854 ሲሞት ደግሞ ለጋሊብ እየሰጠ ያሳርም ነበር። ንጉሡን ያረመ ሰው በቀይ እስክሪብቶ ቁጥር ጽፎ የሰጠው አይመስለኝም።

ኅዳር 6 የቁስቋም በዓል ነው። ጽጌ ጾም አልቆ ሰፈሩ ሁሉ ነጭ ለብሶ ይወጣል። ልጅቷን ከእናቷ ጋር ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ አገኘኋቸው። እናቷን ሰላም ስል ትከሻቸውን አየሁ፤ በነጠላው ሥር ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነው። ለዓመታት ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው ወርደዋል። ያን ጊዜ ግጥሙ ስለ ምን እንደነበር ትዝ አለኝ።

ማታ እቤታቸው ሄድኩና ግጥሙን እንድታነብልኝ ለመንኳት። «ትቆጥራለህ» አለችኝ። ሁለቱንም እጆቼን ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩ። ደብተሩን አወጣች፤ ቀዩን ቁጥር በእርሳስ አጥቁራዋለች። እናቷ ሸክሙን ግንብ ላይ አሳርፈው የሚያርፉበት ቦታ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«እዚህ ጋ ትንፋሽ ያጥረኛል» አለች። «አንድ ቃል የበዛ መሰለኝ። የቱን ላውጣ?»

«እስቲ ደግመሽ አንብቢልኝ» አልኳት።