ነጠላው በርቶ ፊቱ ሲጠፋ

በ1941 እ.ኤ.አ. አንሰል አዳምስ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ መኪናውን ድንገት አቁሞ ካሜራውን ሲተክል የብርሃን መለኪያውን ፈልጎ አጣው። ከፊቱ ሄርናንዴዝ የምትባል ትንሽ መንደር አለች፤ ከበላይዋ ጨረቃ ወጥታለች፤ በመቃብሩ ስፍራ ነጫጭ መስቀሎች ላይ ያረፈችው ፀሐይ ግን ልትሄድ ነው። አዳምስ የሚያስታውሰው አንድ ቁጥር ነበር፤ የጨረቃ ብርሃን በካሬ ጫማ 250 ሻማ መሆኑን። ከዚያ ተነስቶ አሰላ። በኤፍ 8፣ በሰከንድ 1/250 ቢያነሳት ጨረቃዋ ግራጫ ትሆናለች፤ ሁለት ስቶፕ ሲያበራት 1/60፤ ቢጫው ማጣሪያ ሦስት እጥፍ ስለሚጠይቅ 1/20፤ ሌንሱን እስከ ኤፍ 32 ሲያጠበው አንድ ሰከንድ ግድም። አነሳ። ለሁለተኛው ሲዘጋጅ ብርሃኑ ከመስቀሎቹ ላይ ተነሳ።

ስለዚህ ፎቶግራፍ ሲወራ የሚደነቀው ፍጥነቱ ነው። ይበልጥ ሊያነጋግር የሚገባው ግን ዕዳው ይመስላል። የጥቁርና ነጭ ፊልም የቆየ ሕግ፣ ሲያነሱ ለጥላው፣ ሲያጥቡ ለብርሃኑ ማሰብ ነው። ብርሃን ያልነካው የፊልም ክፍል ዴቨሎፐር ውስጥ ቢያድርም ምንም አይወጣለትም፤ ብርሃን የበዛበት ግን በቆየ ቁጥር ይደድራል። የጥላው ዕጣ መዝጊያው ሲከፈት ያልቃል፤ የብሩሁ ክፍል ግን ገና በአጠባው ሰዓት ይወሰናል። አዳምስ የሄደው በተቃራኒው ነው። የሚያውቀው የጨረቃዋን ቁጥር ስለነበር ጨረቃዋን አዳነ፤ መንደሯ የደረሳትን ወሰደች። ፊልሙን ሲያጥብ ከቀጠነ ዴቨሎፐር ወደ ውሃ፣ ከውሃ ወደ ዴቨሎፐር አመላለሰው፤ ውሃው ውስጥ ብሩሁ ክፍል የያዘውን ኬሚካል ቶሎ ጨርሶ ሲቆም፣ ጥላው መሥራቱን ይቀጥላልና። አልበቃም። በ1948 እ.ኤ.አ. የኔጋቲቩን የታችኛውን ክፍል ማጠናከሪያ ኬሚካል ውስጥ ነከረው።

መንደር ጨለመብኝ ብላ አትከስም። ጥላው ውስጥ ያለው ሰው ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል።

ቀትር ላይ ነጠላ ተከናንበው ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የቆሙ እናት አሉ እንበል። ነጠላው ላይ ፀሐይ አርፏል፤ ፊታቸው በነጠላው ጥላ ውስጥ ነው፤ ልዩነቱ አምስት ስቶፕ ነው። መለኪያ ነጭም ጥቁርም አያውቅም፤ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ያምናል። አዳምስ ከፍሬድ አርቸር ጋር ባበጀው የዞን መሰላል፣ ከ0 ጥቁር እስከ 10 ነጭ፣ ግራጫው 5 ላይ ነው። ነጠላውን ለክቶ ያነሳ ሰው ነጠላውን 5 ላይ፣ ፊታቸውን 0 ላይ አስቀመጠ ማለት ነው። የቤት አልበም ያገላበጠ ይህን ፎቶ ያውቀዋል፤ ጥለቱ እስከ ክሩ ይቆጠራል፣ ሴትዮዋ ማን እንደሆኑ ለመናገር ግን የሚያስታውስ ሰው መፈለግ ያሻል። ያ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ አይኖርም።

ለጀማሪ የሚሰጠው አጭር ምክር፣ ፊትን ለክተህ አንድ ስቶፕ ክፈት ይላል። የፈረንጅ ፊት ታስቦ የተሰፋ ልብስ ነው። አዳምስ ራሱ ጠቆር ያለ ቆዳን 5 ላይ ነው ያስቀመጠው፤ ጥላ ውስጥ ላለ ጠይም ፊት 4 ይበቃል። ስለዚህ ተጠግቶ ፊታቸውን ብቻ መለካት፣ ከንባቡም አንድ ስቶፕ መዝጋት ነው። ያኔ ነጠላው 9 ላይ ይወጣል፤ ክሩ ሊጠፋ ነው። የአጠባውን ሰዓት ሩብ ያህል መቀነስ ወደ 8 ገደማ ይመልሰዋል።

ይህም በነፃ አይደለም። ያጠረ አጠባ ሁሉንም ያቀራርባል፤ የጉንጫቸው አጥንትና የግንባራቸው መስመር ትንሽ ይለዝባሉ፣ ስለዚህ ሩቡን ወደ ግማሽ ማድረስ ፊትን አድኖ ሊጥ ማድረግ ነው። ነጠላው ቢነጣ ይሻላል። የደደረ ኔጋቲቭ ውስጥ ክሩ አለ፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ ከፊታቸው ላይ ብርሃኑን በእጅ ጋርዶ ለነጠላው ብቻ አሥር፣ ሃያ ሰከንድ ሲጨመርለት፣ ጥለቱ ወረቀቱ ላይ ቀስ እያለ ብቅ ይላል።