ጳጉሜንን የማያውቅ ሠንጠረዥ

በጎፋ ገብርኤል አካባቢ የምትኖር አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ፣ በሰፈሯ ለሚገኝ አነስተኛ ክሊኒክ የሕፃናትን የክትባት ቀጠሮ የሚያሳይ የድር መተግበሪያ ሠራች። መተግበሪያውን ከመረጃ ቋቱ ጋር የሚያገናኘውን ኤፒአይ ግን በእጇ አልጻፈችውም። ፖስትግሬስት የተባለው ነፃ ሶፍትዌር የፖስትግሬስኪውኤልን ሠንጠረዦች አንብቦ ኤፒአዩን ራሱ ያመነጫል፤ ሳምንታት ይፈጃል የተባለው ሥራ በአንድ ከሰዓት በኋላ አለቀ።

በግንቦት 2016 ማብቂያ፣ ዘጠኝ ወር ሊሞላቸው የተቃረቡና የመጀመሪያውን የኩፍኝ ክትባት የሚጠብቁ ሕፃናት እንዲዘረዘሩ መተግበሪያው ተጠየቀ። ዝርዝሩ ባዶ ሆኖ መጣ። የኤፒአዩ የምላሽ ኮድ ግን 200፣ ማለትም «ተሳክቷል» የሚል ነበር።

«ልጄ፣ እነዚህ እናቶች እኮ ባለፈው ወር እዚሁ ነበሩ» አሉ አንጋፋዋ ነርስ፣ መዝገቡን እየገለጡ።

መዝገቡ የሚጻፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ የሠንጠረዡ የቀን ዓምድ የሚያውቀው ግን የጎርጎርዮሳውያኑን ብቻ ነው። ስለዚህ መስከረም 5 ቀን 2016 የተወለደ ሕፃን ጃንዋሪ 5 ቀን 2016 እንደ ተወለደ ተቆጥሮ፣ የስምንት ዓመት ልጅ ሆኖ ከዝርዝሩ ወጥቷል። ምልክት አልነበረም ማለት አይቻልም። መረጃው ሲጫን ሁለት ረድፎች ተመልሰው ነበር፦ ፌብሩዋሪ 30 ቀን የለውምና የጥቅምት 30ዋ ሕፃን፣ ዐሥራ ሦስተኛ ወር የለምና ጳጉሜን 6 ቀን 2015 የተወለደው ልጅ። ተማሪዋ «የአጻጻፍ ግድፈት» ብላ ለኋላ አቆየቻቸው። ያስጠነቀቋት እነርሱ ብቻ ነበሩ፤ የቀሩት ረድፎች ስህተታቸውን ይዘው በሰላም ገብተዋል።

ጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት፣ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት የሚለማው ዲኤችአይኤስ2 የኢትዮጵያን አቆጣጠር በምርጫነት መያዙ ለካ ለጌጥ አይደለም።

ተማሪዋ የመነጨውን ኤፒአይ አልነካችም። የተመለሰችው ወደ ሠንጠረዡ ነው። የመዝገቡን ቀን በጽሑፍነቱ እንዳለ አስቀመጠች፤ ወደ ጎርጎርዮሳውያን የሚቀይር ቀመርም እዚያው የመረጃ ቋቱ ውስጥ ጽፋ ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን የሚያሳይ ምናባዊ ሠንጠረዥ አዘጋጀች። ፖስትግሬስት ይህንንም እንደ ማንኛውም ሠንጠረዥ ያነበዋል። በዓምዶቹ ላይ የጻፈችው ማብራሪያም፣ «የልደት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር» የሚለው፣ ከኤፒአዩ ጋር በሚመነጨው ሰነድ ላይ ወጣ።

ነርሷ አዲሱን ዝርዝር ከመዝገቡ ጋር በእስክሪብቶ አንድ በአንድ አመሳከሩ። የጳጉሜን 6ቱ ልጅ ለሰኔ 4 ተቀጠረ፤ ለእናቱ የደወሉት ራሳቸው ናቸው።