አንዲት ሴት ከሦስት ወንዶች ጋራ

የሰው ጕልበት የሚፈተነው ብቻውን ሲሮጥ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እኛ ግን ብርቱው ፈተና ከጓደኛ ጋራ ሲጓዙ ይመስለናል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1989 ዓ.ም. በኒውዚላንድ «ሬድ ጎልዋዝ» የተባለው የብዙ ቀን ውድድር ሲጀመር፥ ከአምስቱ የቡድን አባሎች ቢያንስ አንዷ ሴት እንድትሆን ደንብ ወጣለት። በ2019 ዓ.ም. በፊጂ በተደረገው «ኢኮ ቻሌንጅ» ደግሞ ወንድና ሴት የተቀላቀሉባቸው 66 ቡድኖች፥ አራት አራት ሆነው፥ 671 ኪሎ ሜትር ያህሉን ጫካና ባሕር በእግር፥ በብስክሌትና በጀልባ ለመጨረስ ተነሡ። ያሸነፈው የኒውዚላንድ ቡድን ሲሆን ሶፊ ሃርት ከአራቱ አንዷ ነበረች።

በዚህ ዓይነቱ ጕዞ አራቱ አብረው ካልደረሱ ደረሱ አይባልም፤ ስለዚህ ፍጥነቱ የሚለካው በጠነከረው ሳይሆን በደከመው ነው። የበረታው የደከመውን ሸክም ይቀበላል፤ በገመድም ይስበዋል። በመጀመሪያው ቀን ወንዱ ይፈጥን ይሆናል፤ ዳሩ ግን የማራቶን ውጤቶች ሲመረመሩ፥ በሁለተኛው አጋማሽ ርምጃው በአማካይ ይበልጥ የሚቀንሰው ወንዱ ሆኖ ተገኝቷል። እንቅልፍ በታጣበት በአራተኛው ሌሊት ገመዱን ማን ይስበው ይሆን?

ይሁን እንጂ ሴት ስለ ገባችበት ቡድኑ ፈጠነ ለማለት አንደፍርም፤ በፊጂ የሚነጻጸርበት የወንዶች ብቻ ቡድን አልነበረምና። የሚያስገርመን ሌላ ነው። ደንቡ «ቢያንስ አንዷ» ሲል፥ አብዛኞቹ የቡድን አለቆች «አንዷ ብቻ» ብለው ያነቡታል። (ኮሚቴ ሲቋቋም ላየ ሰው ይህ አነባበብ እንግዳ አይደለም።) ሁለት ሴትና ሁለት ወንድ የሚያሰልፉ አለቆች ቢበዙ፥ ማነጻጸሪያው ያን ጊዜ ይገኝ ነበር።